የደመወዝ ዝርዝርዎን ማንበብ፦ መሠረታዊ ደመወዝ፣ የገቢ ግብርና ጥቅማ ጥቅም ለኢትዮጵያ የግል ድርጅት ተቀጣሪ

በወሩ መጨረሻ ከባንክ የሚመጣው አጭር መልእክት አንድ ቁጥር ብቻ ይነግረናል። ቁጥሩ ካለፈው ወር ካነሰ እንደነግጣለን፣ ከበለጠ ደስ ይለናል፤ እንዴት እንደተገኘ ግን ብዙዎቻችን አንጠይቅም። እኔም በመጀመሪያ ሥራዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅ ቆይቻለሁ። በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ ለአንድ ጉዳይ የደመወዝ ማስረጃ አስፈለገኝና የደመወዝ ዝርዝሬን ሳስወጣ፣ የጡረታ መዋጮዬ ይሰላ የነበረው በቃል ከተስማማንበት ደመወዝ ላይ ሳይሆን ከግማሹ ላይ እንደነበር ያን ቀን አየሁ። ቀሪው ግማሽ «ልዩ ልዩ አበል» በሚል ርእስ ተመዝግቦ ነበር። በየወሩ እጄ የሚገባው ብር ስላልጎደለ ምንም አልተሰማኝም ነበር፤ የጎደለው ወደፊት ሊከፈለኝ የሚገባው ነበር።

ይህ መመሪያ በኢትዮጵያ በግል ድርጅት ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው የተጻፈ ነው። መሠረቱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከነማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ እንዲሁም የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የቅጥር ግንኙነት በሌላ ሕግ ይገዛል፤ የሥራ መሪ የሆነ ተቀጣሪም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፈንም። የገቢ ግብሩ ስሌት ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ስለዚህ የግብሩ ክፍል ለእነርሱም ያገለግላል።

አንደኛ፦ ሰነዶችዎን ይሰብስቡ

ስሌት ከመጀመርዎ በፊት ሦስት ነገሮች በእጅዎ ይኑሩ፦ የቅጥር ውልዎ፣ የቅርብ ሦስት ወራት የደመወዝ ዝርዝር (ብዙ ቦታ ፔይስሊፕ የሚባለው)፣ እና ደመወዙ የገባበት የባንክ መግለጫ። የጽሑፍ ውል ካልፈረሙ አሠሪው ውሉ ከተደረገ በ15 ቀናት ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ የደመወዙን መጠንና አከፋፈሉን የያዘ፣ የፈረመበት ጽሑፍ እንዲሰጥዎ አዋጁ ያዛል። ይህን መጠየቅ ጠብ መፈለግ አይደለም። «ለፋይሌ እፈልገዋለሁ» ብሎ በጨዋነት መጠየቅ በቂ ነው።

የደመወዝ ዝርዝር የማይሰጡ ድርጅቶች አሉ። ሆኖም ሕጉ አሠሪው የደመወዝ መክፈያ መዝገብ እንዲይዝ፣ በመዝገቡም ላይ ያልተጣራው ክፍያ፣ የስሌቱ ዘዴ፣ እያንዳንዱ ተቀናሽ በዓይነትና በመጠን፣ የተጣራው ክፍያም እንዲሰፍር ያስገድደዋል። ሠራተኛው ሲጠይቅም መዝገቡን ሊያሳየውና ሊያስረዳው ግዴታ አለበት። በዚሁ ድንጋጌ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔ ግን እጅግ ጠቃሚ አድርጌ የማየው ነጥብ አለ፤ ሠራተኛው በመዝገቡ ላይ የተጻፈውን ገንዘብ ያለ ተቃውሞ ፈርሞ መቀበሉ ያልተከፈለውን ቀሪ መብቱን እንደተወ አያስቆጥረውም። «ፈርመህ ወስደሃል» የሚለው መልስ ክርክሩን አይዘጋም ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ መሠረታዊ ደመወዝን ከአበል ይለዩ

ከደመወዝ ዝርዝሩ በመጀመሪያ መፈለግ ያለብዎት ቁጥር ጠቅላላ ድምሩ አይደለም፤ መሠረታዊ ደመወዝ የሚለው መስመር ነው። በአዋጁ ትርጉም መሠረት ደመወዝ ማለት ሠራተኛው በውሉ መሠረት ለሠራው ሥራ የሚከፈለው መደበኛ ክፍያ ሲሆን የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የውሎ አበል፣ የበረሃ አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽንና ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ አይባሉም።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ሌሎቹ መብቶችዎ የሚንጠለጠሉት በዚህ ቁጥር ላይ ነው። የጡረታ መዋጮ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው። የትርፍ ሰዓት ዋጋ፣ የሕመም ፈቃድ ክፍያ፣ ሥራ ሲለቁ የሚያገኙት የስንብት ክፍያ፣ ሁሉም መነሻቸው ደመወዝ ነው።

ሁለት ሠራተኞችን እናስብ። ሁለቱም በወር ያልተጣራ 16,000 ብር ይከፈላቸዋል። የመጀመሪያዋ 16,000 ብሩ በሙሉ መሠረታዊ ደመወዝ ነው። ሁለተኛው 8,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝ፣ 8,000 ብር ደግሞ ግብር የሚከፈልበት አበል አለው። የሁለቱም የገቢ ግብር እኩል 3,550 ብር ነው፤ አበሉ ግብር አላዳነም። ከመጀመሪያዋ ለጡረታ 1,120 ብር፣ ከሁለተኛው 560 ብር ይቆረጣል። ስለዚህ እሷ 11,330 ብር፣ እሱ 11,890 ብር ወደ ቤት ይወስዳሉ። በዛሬው ሚዛን እሱ 560 ብር አትርፏል። በሌላ ወገን ግን አሠሪው በእሷ ስም 1,760 ብር ለጡረታ ሲያስገባ ለእሱ የሚያስገባው 880 ብር ብቻ ነው፤ የሁለቱ መዋጮ ሲደመር በእሱ ስም በየወሩ 1,440 ብር ያነሰ ገንዘብ ይገባል። የትርፍ ሰዓቱ ዋጋ የእሷ ግማሽ ነው፤ ነገ ከሥራ ቢቀነስ የስንብት ክፍያውም የእሷ ግማሽ ይሆናል።

አበል ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ለሥራው ጠባይ የሚሰጥ የትራንስፖርት ወይም የበረሃ አበል ተገቢ ነው፤ በሕግ ከተወሰነው ጣሪያ ሳያልፍ ከተከፈለም ከግብር ነጻ ስለሚሆን ለሠራተኛው ጥቅም አለው። የሚያሳስበኝ ከሥራው ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው መሠረታዊ ደመወዙን ለማሳነስ ብቻ የሚፈጠረው አበል ነው። ውል ከመፈረምዎ በፊት «ከዚህ ውስጥ መሠረታዊ ደመወዙ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱም በውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ።

ሦስተኛ፦ የትርፍ ሰዓት ክፍያን ያስሉ

መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚህ በላይ የሚሠራው ትርፍ ሰዓት ሲሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። የክፍያው ማባዣ እንደ ሰዓቱና እንደ ቀኑ ይለያያል፦

ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የመደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.5 ተባዝቶ፤
ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በ1.75 ተባዝቶ፤
በሳምንት ዕረፍት ቀን፣ በ2 ተባዝቶ፤
በሕዝብ በዓል ቀን፣ በ2.5 ተባዝቶ።

ከ1156/2011 በፊት የነበረው ሕግ ለቀኑ 1.25፣ ለሌሊቱ 1.5 ብቻ ይከፍል ነበር። የድሮውን ማባዣ በኮምፒውተራቸው ሳይቀይሩ የቀሩ መሥሪያ ቤቶች ሊኖሩ ስለሚችሉ በዚህ መስመር ላይ ትንሽ ይቆዩ።

የአንድ ሰዓት መደበኛ ክፍያ ለማግኘት በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው የወር ደመወዙን ለ208 ያካፍላል። ይህ ቁጥር የመጣው 48 ሰዓት በ52 ሳምንታት ተባዝቶ ለ12 ወራት ሲካፈል ነው። በመሥሪያ ቤትዎ የሳምንቱ መደበኛ ሰዓት 40 ከሆነ አካፋዩም ያንሳል፤ በዚያው ስሌት ወደ 173 ይወርዳል፤ የሰዓቱም ዋጋ ይጨምራል። መሠረታዊ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው የአንድ ሰዓት ክፍያው 57.69 ብር ነው። በወሩ ውስጥ በምሽት፣ ከ4 ሰዓት በፊት፣ 6 ትርፍ ሰዓት ከሠራ 57.69 በ1.5፣ ከዚያም በ6 ተባዝቶ፣ ሳንቲሙ ሲስተካከል 519.23 ብር ያገኛል።

የሠሩበትን ቀንና ሰዓት፣ ያዘዘዎትንም ሰው በማስታወሻ ይያዙ። ለአለቃዎ በቴሌግራምም ሆነ በኢሜይል «ዛሬ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ሠርቻለሁ» የሚል አንድ መስመር መላክ ከወራት በኋላ ትልቅ ማስረጃ ይሆናል።

አራተኛ፦ የገቢ ግብሩን ደረጃ በደረጃ ያስሉ

ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ በሠንጠረዥ «ሀ» መሠረት ግብር ይከፈልበታል። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ ከግብር ነጻ የሆነው የወር ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ እርከኖቹም እንዲህ ሆነዋል፦

እስከ 2,000 ብር፦ ግብር የለም
ከ2,001 እስከ 4,000 ብር፦ 15 በመቶ
ከ4,001 እስከ 7,000 ብር፦ 20 በመቶ
ከ7,001 እስከ 10,000 ብር፦ 25 በመቶ
ከ10,001 እስከ 14,000 ብር፦ 30 በመቶ
ከ14,000 ብር በላይ፦ 35 በመቶ

በመጀመሪያ ግብር የሚከፈልበትን ገቢ ይወስኑ። መሠረታዊ ደመወዝ፣ የቤት አበል፣ የኃላፊነት አበል፣ ትርፍ ሰዓት፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን ሁሉም ይገባሉ። አሠሪው ለሕክምናዎ የከፈለው ትክክለኛ ወጪ፣ እንዲሁም በመመሪያ ከተቀመጠው ጣሪያ ያልዘለለ የትራንስፖርት፣ የውሎና የበረሃ አበል ከግብር ነጻ ናቸው። ከጣሪያው የተረፈው ክፍል ብቻ ወደ ግብሩ ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ገቢውን በየእርከኑ ቆርጦ በየመቶኛው ማባዛትና መደመር ነው። ሁለተኛው የሒሳብ ክፍሎች የሚጠቀሙበት አቋራጭ ነው፤ ጠቅላላውን ግብር የሚከፈልበት ገቢ በደረሰበት የመጨረሻ እርከን መቶኛ አባዝቶ ለዚያ እርከን የተመደበውን ቋሚ ተቀናሽ መቀነስ። ተቀናሾቹ ለ15 በመቶ 300 ብር፣ ለ20 በመቶ 500 ብር፣ ለ25 በመቶ 850 ብር፣ ለ30 በመቶ 1,350 ብር፣ ለ35 በመቶ 2,050 ብር ናቸው። ሁለቱም መንገዶች አንድ ውጤት ይሰጣሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሰላ ሰው ግን የመጀመሪያውን ቢሠራ ነገሩ በደንብ ይገባዋል።

እዚህ ላይ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የምሰማውን ስሕተት ማንሳት አለብኝ። «ጭማሪው ወደ ላይኛው እርከን ስላስገባኝ ከበፊቱ ያነሰ ነው የሚደርሰኝ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ በዚህ ምክንያት ትርፍ ሰዓት ለመሥራት ያመነታ የሥራ ባልደረባም ነበረኝ። ይህ በዚህ የግብር አሠራር ሊሆን አይችልም። ከፍ ያለው መቶኛ የሚያርፈው ከእርከኑ ድንበር በላይ ባለው ብር ላይ ብቻ ነው። ግብር የሚከፈልበት ገቢው ልክ 14,000 ብር የሆነ ሰው 2,850 ብር ግብር ይከፍላል። በ519.23 ብር ትርፍ ሰዓት ገቢው ወደ 14,519.23 ብር ሲያድግ 35 በመቶ የሚቆረጠው ከ519.23 ብሩ ብቻ ነው፤ 181.73 ብር ይሆናል። ቀሪው 337.50 ብር ለእሱ ነው። ጭማሪ አግኝተው እጅዎ የደረሰው ብር ከቀነሰ ምክንያቱ የግብሩ እርከን ስላልሆነ ሌላ ተቀናሽ ይፈልጉ።

ማሻሻያው ለእርስዎ የተሠራበት መሆኑንም ማረጋገጥ ቀላል ነው። በድሮው ሠንጠረዥ የመጨረሻው እርከን ከ10,900 ብር ይጀምር ነበር፤ ተቀናሹም 1,500 ብር ነበር። ስለዚህ ግብር የሚከፈልበት የወር ገቢው ከ14,000 ብር በላይ የሆነ ማንኛውም ሰው በአዲሱ ስሌት በወር 550 ብር ያነሰ ግብር ይከፍላል። ደመወዝዎ ሳይቀየር ግብሩ በዚህ ልክ ካልቀነሰ የሒሳብ ክፍሉን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለዎት።

አምስተኛ፦ ጡረታና ሌሎች ተቀናሾች

ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ የመሠረታዊ ደመወዙ 18 በመቶ ይዋጣል። አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ በደመወዝ ዝርዝሩ ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ ከእርስዎ ክፍያ ላይ ግን ሊቀነስ አይገባም። ሠራተኛው የሚያዋጣው 7 በመቶም ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ በቅድሚያ አይነሳም፤ ግብሩ መጀመሪያ በሙሉው ገቢ ላይ ይሰላል፣ ጡረታው ለብቻው ይሰላል፣ ከዚያ ሁለቱም ይቀነሳሉ።

የተቆረጠው መዋጮ በስምዎ መግባቱን በየጊዜው ማረጋገጥ ይገባል። ለግብሩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ለጡረታው ደግሞ የጡረታ መለያ ቁጥር ሊኖርዎት ይገባል። የጡረታውን በግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ማጣራት ይቻላል። የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገሉና 60 ዓመት የሞላዎት መሆን ስላለበት፣ ሥራ ሲቀይሩ የቀድሞው አገልግሎት ተመዝግቦ እንዲቀጥል መለያ ቁጥሩን ለአዲሱ አሠሪ ይስጡ። ሁለተኛ ቁጥር ማውጣት የአገልግሎት ዘመንን ይከፋፍላል።

ሌሎቹን ተቀናሾች በአጭሩ እናልፋቸዋለን። አሠሪው ከደመወዝ ላይ ገንዘብ ሊቆርጥ የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቅድለት፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ጠቅላላ መጠንም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። የቁጠባና ብድር ማኅበር መዋጮ፣ የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ፣ የደመወዝ ቅድሚያ ተመላሽ፣ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለተመረቁ ደግሞ የወጪ መጋራት ክፍያ በዚህ ረድፍ ይመደባሉ። የጠፋ ዕቃ ዋጋ ወይም የገንዘብ ያዥ ጉድለት ተብሎ ያለ ጽሑፍ ስምምነትና ያለ ሕጋዊ መሠረት የተቆረጠ ገንዘብ ካለ በምን ድንጋጌ እንደተቆረጠ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ስድስተኛ፦ ሁሉንም በአንድ ላይ ያድርጉት

አሁን የ12,000 ብር ደመወዝተኛውን ወር እስከ መጨረሻ እንሥራው። መሠረታዊ ደመወዝ 12,000 ብር፣ የኃላፊነት አበል 2,000 ብር፣ የትራንስፖርት አበል 1,500 ብር (ከግብር ነጻ በሆነው ጣሪያ ውስጥ ነው ብለን እንያዝ)፣ ትርፍ ሰዓት 519.23 ብር። ያልተጣራው ድምር 16,019.23 ብር ነው።

ግብር የሚከፈልበት ገቢ፣ ትራንስፖርቱን ሳይጨምር፣ 14,519.23 ብር ይሆናል። በየእርከኑ ሲቆረጥ ከመጀመሪያው 2,000 ብር ምንም፣ ከሚቀጥለው 2,000 ብር 300፣ ከቀጣዩ 3,000 ብር 600፣ ከሌላው 3,000 ብር 750፣ ከሚከተለው 4,000 ብር 1,200፣ ከቀሪው 519.23 ብር 181.73፤ ድምሩ 3,031.73 ብር ነው። በአቋራጩም 14,519.23 በ35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ሲቀነስ እዚያው ይደርሳል። ጡረታው ከ12,000 ብር 7 በመቶ፣ 840 ብር ነው። ሁለቱ ከ16,019.23 ሲቀነሱ 12,147.50 ብር ወደ ባንክ ይገባል። አሠሪው በበኩሉ 1,320 ብር የራሱን የጡረታ ድርሻ ይጨምራል።

የራስዎን ወር በዚሁ ቅደም ተከተል በወረቀት ይሥሩትና ከባንክ መግለጫው ጋር ያስተያዩት። ልዩነቱ የሳንቲም ከሆነ የማጠጋጋት ጉዳይ ነው። ከዚያ ከበለጠ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ አንድ አበል ግብር የሚከፈልበት ሆኖ መያዙ፣ ትርፍ ሰዓቱ በተሳሳተ ማባዣ መሠራቱ፣ ወይም ያላወቁት ተቀናሽ መግባቱ።

ሰባተኛ፦ በደመወዝ ድርድር ጊዜ ወደ ኋላ ማስላት

በቃለ መጠይቅ መጨረሻ «ስንት ትፈልጋለህ?» ሲባል አብዛኛው ሰው በልቡ የሚያስበው እጁ የሚደርሰውን ነው፤ አሠሪው የሚጽፈው ደግሞ ያልተጣራውን ነው። አለመግባባቱ የሚፈጠረው በዚህ ክፍተት ስለሆነ ቁጥር ሲጠሩ «የተጣራ» ወይም «ያልተጣራ» የሚለውን ቃል ሁልጊዜ ያክሉበት።

አበል የሌለበት ክፍያ ከሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። ደመወዙ ከ14,000 ብር በላይ ሲሆን ከእያንዳንዱ 100 ብር 35 ለግብር፣ 7 ለጡረታ ይሄዳል፤ 58 ይቀራል፤ 2,050 ብሩ ደግሞ ይመለሳል። ስለዚህ ከሚፈልጉት የተጣራ ክፍያ 2,050 ቀንሰው ለ0.58 ያካፍሉ። የተጣራ 15,000 ብር ለማግኘት 12,950 ለ0.58 ሲካፈል 22,327.59 ብር ያልተጣራ ደመወዝ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ቀመር የሚሠራው የሚፈልጉት የተጣራ ክፍያ ከ10,170 ብር በላይ ሲሆን ነው። ከ7,650 እስከ 10,170 ብር ላለው ደግሞ 1,350 ቀንሰው ለ0.63 ያካፍሉ። የተጣራ 15,000 ብር ፈልጎ 17,000 ብር የጠየቀ ሰው 11,910 ብር ሲደርሰው የሚሰማውን ቅሬታ ማንም ላይ ሊያሳብብ አይችልም፤ ስለዚህ ይህን ስሌት ከቃለ መጠይቁ በፊት በቤትዎ ይሥሩት።

ስምንተኛ፦ በደመወዝ ዝርዝር ላይ የማይታዩ ጥቅሞች

ከደመወዝ በተጨማሪ በሕግ የተሰጡ፣ ዋጋቸው ግን በየወሩ የማይጻፍ መብቶች አሉ። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይጨመራል። ፈቃዱ ሊተላለፍ ቢችልም ከሁለት ዓመት በላይ መቆየት የለበትም፤ ያልተወሰደ ፈቃድ ይዞ ሥራ የለቀቀ ሰው በገንዘብ ይከፈለዋል። ሴት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ታርፋለች። አባት 3 ተከታታይ ቀናት ከክፍያ ጋር አለው። ለጋብቻና ለቅርብ ዘመድ ሐዘን ለእያንዳንዳቸው 3 የሥራ ቀናት ይፈቀዳሉ።

የሕመም ፈቃድ ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ቤተሰብን ሊጎዳ የሚችለው የገቢ መቋረጥ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር ሊያርፍ ይችላል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በምሳሌያችን ያለው ሰው በስድስቱ ወራት በድምሩ የሚያገኘው 24,000 ብር ሲሆን፣ መሠረታዊ ደመወዙ በአበል ተሸፍኖ 6,000 ብር ቢሆን ኖሮ 12,000 ብር ብቻ ይሆን ነበር። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ስሌቱ ይሻላል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። ስለዚህ የሥራ ላይ አደጋ ሲደርስ ወዲያውኑ እንዲመዘገብ ማድረግ ያስፈልጋል።

ዘጠነኛ፦ ሥራ ሲለቁ የሚሠራ ሒሳብ

የስንብት ክፍያ ለሁሉም አይከፈልም። ድርጅቱ ሲዘጋ፣ ሠራተኛው በቅነሳ ሲሰናበት፣ ከሕግ ውጭ ሲባረር፣ ወይም 5 ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የውል ግዴታ ሳይኖርበት በራሱ ፈቃድ ሲለቅ ከሚከፈልባቸው ሁኔታዎች ዋነኞቹ ናቸው። አራት ዓመት ከስምንት ወር የሠራ ሰው የመልቀቂያ ደብዳቤ ከማስገባቱ በፊት ይህን ማወቁ ብዙ ብር ነው።

መጠኑ ለመጀመሪያው ዓመት የአማካይ የቀን ደመወዝ 30 እጥፍ፣ በግምት የአንድ ወር ደመወዝ ነው፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በ12,000 ብር ደመወዝ 5 ዓመት ያገለገለ ሰው 12,000 ሲደመር አራት ጊዜ 4,000፣ ማለትም ወደ 28,000 ብር ያገኛል። በቅነሳ ለተሰናበተ ደግሞ የአማካይ የቀን ደመወዝ 60 እጥፍ ተጨማሪ ይከፈላል። የስንብት ክፍያ ከመቀጠር የተገኘ ገቢ ስለሆነ ግብር እንደሚነካው በሒሳብዎ ውስጥ ያስገቡ።

የመጨረሻ ደመወዝ፣ የፈቃድ ክፍያና ስንብቱ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለባቸው። ካልተከፈለ በመጀመሪያ ቀን ያለበት የጽሑፍ ጥያቄ ያስገቡ፤ ቅጂው ላይ «ደርሶናል» ብለው እንዲፈርሙ ያድርጉ። ከዚያ በአካባቢው ያለውን የሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት ወይም የፍርድ ቤቱን የሥራ ክርክር ችሎት መጠየቅ ይቻላል፤ ሠራተኛው ለዚህ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት የሚጠየቀው ግን ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ስለሆነ፣ በዚህ ወር ያገኙትን ስሕተት ለዓመቱ መጨረሻ ሳያቆዩ በዚሁ ወር በጽሑፍ ያመልክቱ።